ለሁለት የተከፈለ መድኃኒት

ክሬኑ ቆመ።

እትዬ ኮሌታውን ከመርፌው ሥር ሳታወጣ ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። ከፋብሪካው አጥር ማዶ፣ ስምንተኛ ወለሉ ላይ ከደረሰው ጅምር ሕንፃ በላይ፣ ቢጫው የክሬን ክንድ አንድ እስር ብረት አንጠልጥሎ አየር ላይ ቀጥ ብሏል። ክሬን መቆሙ ብርቅ አይደለም፤ ነፋስ ሲበረታ ይቆማል፣ ለምሳ ይቆማል፣ ብረት እስኪታሰርለት ይቆማል። ሸክም እንዳንጠለጠለ ግን ተገትሮ አይቀርም። ይህን ያስተማራት እዚያ ላይ የተቀመጠው ወንድሟ ነው። ያነሳሁትን መሬት ሳላስነካ ቤቴ ቢቃጠልም ከወንበሬ አልነሳም ይላል፣ ሲፎክር።

በፋብሪካው ውስጥ በዕድሜ የሚበልጧት ሴቶች ጭምር እትዬ ነው የሚሏት፤ ወንድሟ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ሲጠራት ሰምተው እንደዚያው ቀረ። እጇ ለኮሌታ የተፈጠረ ነው። ሌላዋ አንዱን ስታስተካክል እሷ ሦስቱን ጨርሳ ወደ ቀጣዩ የስፌት መኪና ገፍታለች። የመስኮቱን ዳር መኪና አለቃዋን የለመነችው ዓይኔ ብርሃን ይፈልጋል ብላ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ዓይኗ የሚፈልገው ያንን ቢጫ ክንድ ነበር። ክንዱ ሲዞር ወንድሟ ደኅና ነው፤ ያለ ምክንያት ሲቆም ሆዱን ይዟል ማለት ነው። ዓመት ሙሉ አንድ ዓይኗ መርፌው ላይ፣ አንዱ ሰማይ ላይ ሆኖ ስትሰፋ ኖራለች።

አምስት ኮሌታ ሰፋች። ብረቱ አሁንም ተንጠልጥሏል።

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ደዋዩ ከክሬኑ ሥር ቆሞ በሬዲዮ አንሣ፣ አውርድ የሚለው ምልክት ሰጪ ነበር። ቁጥብ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ቃላቱ ተደራርበው ወጡ። ወንድሟ መቆጣጠሪያው ላይ ተደፍቷል፣ ደጋግመው ሲጠሩት አልመለሰም፣ በመጨረሻ የመለሰውም «እህቴን ጥሩልኝ» የሚል ብቻ ነው።

መኪናዋን አጠፋች። አለቃዋ ከመተላለፊያው ጫፍ ሆና ወዴት ነው፣ ጭነቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ አይደል ብትላት፣ መልስ ሳትሰጣት አልፋ ወጣች። መንገዱን ስትሻገር አንድ ሾፌር የሰደባትን ስድብ አልሰማችውም።

ክሬኑ ሥር ሠራተኛው ሁሉ ከብረቱ ሸሽቶ ቆሟል። ፎርማኑ ሄልሜቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ወደ ላይ አንጋጧል። ምልክት ሰጪው ሬዲዮውን እጇ ላይ አኖረላትና የሚጫነውን ቁልፍ አሳያት።

«እኔ ነኝ፤ መጥቻለሁ» አለች። «ምን ሆነሃል?»

ሬዲዮው ተንጫጫ። «እትዬ… ያው ነው። ግን እንደ ዛሬ ሆኖ አያውቅም። ሆዴ ተነፍቷል። ሦስቴ አስመለሰኝ።»

«ያው ነው» ያላት ነገር አስደነገጣት። ፎርማኑን ሰረቅ አድርጋ አየችው። የሰማ አይመስልም፤ ዓይኑ ብረቱ ላይ ነው።

«ወሬውን ተወውና መጀመሪያ ብረቱን አስቀምጥ።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጥቀጥ። ቀስ እያልክ። እዚህ ማንም አይቸኩልም።»

ማንም አይቸኩልም ስትል የክሬኑን ምሰሶ ይዛ ነበር። ምልክት ሰጪው ጎንበስ ብሎ በእሷ እጅ ባለው ሬዲዮ ግራ፣ ትንሽ ግራ፣ አውርድ፣ አውርድ እያለ መራው። ክንዱ እንደ ሽማግሌ ተጎተተና ዞረ። ብረቱ አንዴ ተወዛውዞ ከሕንፃው ጥግ በክንድ ርቀት ሲያልፍ አንዱ ግንበኛ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ መሬት ነካ። ሁለት ሠራተኞች የደኅንነት ቀበቶ ታጥቀው ወንድሟን ሊቀበሉት መሰላሉን መውጣት ጀመሩ።

ክሬኑ አናት ላይ ካለው ካቢን እስከ መሬት ዘጠኝ ማረፊያ አለ። በደኅናው ቀን ወንድሟ ለምሳ ሲወርድ እንደ ድመት ነው፤ ጓደኞቹ ጭልፊቱ የሚል ስም ያወጡለት ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ ሰዎቹ ደርሰውበትም አንድ እግሩን አስቀምጦ ሌላውን ለማምጣት ዕድሜ ፈጀ። አምስተኛው ማረፊያ ላይ ቆመና የአንዱን ሠራተኛ ሬዲዮ ተቀበለ።

«እትዬ፣ አልቻልኩም።»

«ቁጭ በልና ተንፍስ።» ትንሽ ጠበቀችው። «የጎረቤት ዛፍ ላይ ወጥተህ መውረድ ያቃተህ ጊዜ ማን አወረደህ?»

«አንቺ።»

«እንግዲያው አሁንም እኔው ነኝ። ቀኝ እግርህን አስቀድም።»

መሬት ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል። በስተቀኝ ታጥፎ፣ እጁን ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ ጭኑ ጋ አጣብቆ ይዟል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ፎርማኑ ሌላ መኪና ጥሩ ሳይል የራሱን ፒክአፕ አስነሣ። ክፉ ሰው አይደለም። እትዬን ያስፈራት ይኸው ክፉ አለመሆኑ ነበር፤ እነሱን አውርዶ አይሄድም፣ እስከ መጨረሻው አብሮ ይቆማል፣ አብሮም ይሰማል።

መኪናው ውስጥ የወንድሟን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮት መስኮቱን አየች። ልቧ ግን ወደ ኋላ ሄደ።

ከሦስት ዓመት በፊት ታማሚዋ እሷ ነበረች። ደም ታየባት፣ ኪንታሮት ነው ብላ ዓመት ደበቀች። በቀን አሥር ጊዜ እየሮጠች ስትከሳ፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለ አንድ ክሊኒክ በቱቦ ካሜራ አስገብቶ አያትና የትልቁ አንጀትሽ ውስጥ ተቆጥቷል፣ ቆስሏል፣ ኮላይቲስ ይባላል አላት። የሚጠፋ ሳይሆን የሚገራ በሽታ ነው፤ ክኒኑን በቀን አራት ውሰጂ፣ ሲሻልሽም እንዳታቋርጪ ተባለች። ወሰደች፤ ደሙ ቆመ፣ ሥጋዋ ተመለሰ። በሽታውን ያሸነፈ ሰው ደግሞ ሐኪም መሆን ይቃጣዋል። ፋብሪካው ውስጥ ሆዷን የቆረጣት ሁሉ እሷን መጠየቅ ጀመረች።

አምና ወንድሟ ሆዴን ሲል፣ ሲያስቀምጠው፣ ሱሪው ሲሰፋው፣ አንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠረችም። የኔው ነው፣ በዘር ነው አለች። ደም ግን አልነበረውም። ደም ከሌለው ቀለል ያለው ነው ብላ ፈረደች። ሐኪም ዘንድ እንዳትወስደው ክሬኑ አለ፤ ከእሱ በፊት የነበረው ኦፕሬተር ስኳር አለብህ ተብሎ ከካቢን ወርዶ ዛሬ መጋዘን ይጠብቃል። ወንድሟ ደግሞ ከዚያ ካቢን ከሚወርድ ቢሞት ይመርጣል። ስለዚህ ከአራቱ ክኒኖቿ ሁለቱን ለእሱ ሰጠችው። ያንቺስ ሲላት ሐኪሙ ጨመረልኝ አለችው። የማንም ሐኪም አልጨመረላትም። ክሊኒኩ የሰጣትን ቀጠሮ ሦስት ጊዜ ቀርታለች፤ ስንት እየወሰድሽ ነው ብሎ ቢጠይቃት የምትመልሰው ስለሌላት። ሁለት ወር ሆኗታል ደሙ ከተመለሰ። ይሄንንም ደበቀች፤ ልማድ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሐኪም ወንድሟን አስተኝቶ ሆዱን ደረጃ በደረጃ ዳሰሰ። በስተቀኝ ዝቅ ብሎ ሲጫን ወንድሟ ከአልጋው ተነሣ። ትኩሳት አለው። ሐኪሙ መቼ እንደጀመረው ጠየቀ።

ወንድሟ በመጋረጃው ክፍተት የቆመውን ፎርማን አየና «ዛሬ ጠዋት» አለ።

«ከዚህ በፊት እንዲህ ያደርግህ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ።»

ሐኪሙ ወደ እትዬ ዞረ። «እህቱ ነሽ? አብራችሁ ነው የምትኖሩት?»

«አዎ። ዛሬ ነው የጀመረው፣ ዶክተር» አለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። ደም ተወሰደ፣ ጉሉኮስ ተሰቀለ። ሐኪሙ ለቀዶ ጥገና ሐኪሙ ደወለ። እትዬ ከንግግሩ የሰማችው ትርፍ አንጀት፣ ሊፈነዳ ይችላል፣ ቶሎ የሚሉትን ብቻ ነው። ፎርማኑ እፎይ አለ። ትርፍ አንጀት ከሆነማ ቀላል ነው፣ የኔም ወጥቷል፣ በሁለት ሳምንት ሥራው ላይ ነው እያለ አጽናናት። ወንድሟም ከአልጋው ሆኖ ዓይኑን ጠቀሳት። እስከዚህም ድረስ ነበር የካቢኑ ፍቅር፤ ያልታመመ አንጀቱን ቆርጠው ቢያወጡለትም ምሥጢሩ ከተረፈ ግድ የለውም።

ነርሷ የፈቃድ ወረቀት ይዛ መጣች። እንድትፈርም እስክሪብቶ ሰጠቻትና የተሞላውን ፈጠን ፈጠን አድርጋ አነበበችላት። «ከዚህ በፊት የታመመው ሕመም፣ የለም። የሚወስደው መድኃኒት፣ የለም። በቤተሰብ ያለ በሽታ፣ የለም። እዚህ ጋ ፈርሚ።»

ሦስት የለም። ሦስቱም ውሸት ናቸው፤ ሦስቱም የእሷ። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። ብትፈርም ይከፍቱታል። ከፍተው የሚያገኙት ሌላ ቢሆንስ? የታመመ አንጀት ላይ ቢላዋ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን አታውቅም፤ አለማወቋ ነው እጇን የያዘው። ዓመት ሙሉ ዐዋቂ መስላ በኖረች ሴት ደረት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አላውቅም የሚለው ቃል ተቀመጠ። ባትፈርምስ? ፎርማኑ እዚህ ቆሟል፤ ወንድሟም ይሰማል። ካቢኑን ማጣቱን ብቻ አይደለም፣ የማንን ድርሻ ሲውጥ እንደከረመም ይሰማል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ በሽታውንም መድኃኒቱንም ደብቃለች።

«ምነው?» አለች ነርሷ።

እትዬ ወረቀቱን መለሰችላት። «ዶክተሩን ጥሪልኝ። ዋሽተናል።»

ሐኪሙ መጣ፣ አልተቆጣም፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እሷም ቆማ ተናዘዘች። ዓመት ሆኖታል አለች። ከበላ በኋላ እዚሁ ቀኝ ጎኑ ይይዘዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ቀበቶው ሦስት ቀዳዳ ጠቧል፣ አፉም ይቆስላል። ወንድሟ «እትዬ» አለ፣ ተይ በሚል ድምፅ። አልተወችም። ፎርማኑ መጋረጃውን ይዞ ቀረ።

«የምትሰጪው ነገር ነበር?» አለ ሐኪሙ።

ከቦርሳዋ የክኒኑን ዕቃ አውጥታ ሰጠችው። አገላብጦ ስሟን አነበበ።

«ይሄ ያንቺ ነው። ስንት ነው የታዘዘልሽ?»

«አራት።»

«ለእሱስ ስንት ትሰጪዋለሽ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ አንቺ ስንት ትወስጃለሽ?»

ቀላል ሒሳብ ነው። ወንድሟ በክርኑ ቀና ብሎ ያያታል። ያን ሁሉ ሕመም ትቶ የሚያየው እሷን ብቻ ነበር።

«ሁለት» አለች።

«ሐኪሙ ጨመረልኝ ብለሽኝ ነበር» አለ ወንድሟ።

«ብዬህ ነበር።»

እንደገና ተኛና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሐኪሙ ግን ጊዜ አልነበረውም። ቀዶ ጥገናውን በስልክ አስቆመና ወንድሟን ወደ ሲቲ ስካን ላከው። ፎርማኑ አልጋውን እየገፋ አብሮ ሄደ። እሷ ቀረች፤ ሐኪሙ ሊያስረዳት የፈለገው ነገር ነበረው።

ምን እንደምትሠራ ጠየቃት። ሰፊ ነኝ አለች። ሐኪሙ የነጭ ጋውኑን ጠርዝ አነሣና ገበር እንደሌለው አይቶ ሣቅ አለ፤ ከዚያ ከወንበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ኮቱን ሳበ።

«አንጀት ሲቆጣ ሁለት ዋና ዓይነት አለ» አለ፣ የኮቱን ውስጥ እየገለጠ። «ያንቺ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ነው። ትልቁን አንጀት እንጂ ሌላ አይነካም፤ ከታች፣ ከፊንጢጣ ይጀምርና ሳይዘል ወደ ላይ ይሄዳል። የሚያቆስለውም ገበሩን ብቻ ነው። ደሙ ከዚያ ነው። ይሄ ክኒን ደግሞ ገበሩ ላይ ነው የሚሠራው።»

«የሱስ?»

«ምርመራው ይናገር እንጂ የምጠረጥረው ክሮንስ የሚባለውን ነው። እሱ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ይወጣል። እዚህ ይይዛል፣ እዚያ ይዘላል፣ መሐሉን ደኅና ይተወዋል። ገበሩን ብቻ አይደለም፤ ጨርቁን ከውስጥ እስከ ውጭ ይዘልቀዋል። ሲቆይ መተላለፊያው ይጠባል። ለዚህ ነው የሚያስመልሰው። ደም አለመኖሩ ቀላል ነው ማለት አይደለም።»

እትዬ የኮቱን ገበር አየች። ጥሩ ስፌት ነበር። «ታዲያ የሰጠሁት ክኒን?»

ሐኪሙ ሊዋሽላት ይችል ነበር፤ አልዋሸላትም። «ለሱ ዓይነት ብዙም አይሠራም። ዘመዳሞች ናቸው፣ በአንድ ቤተሰብም ይገኛሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም።»

አላለቀሰችም። ከአፏ ነጥቃ የሰጠችው መና ቀርቷል። እሷን አጎደላት፣ እሱን አልሞላውም። ይባስ ብሎ እየታከምኩ ነው ብሎ እንዲተኛ አደረገው፤ በሽታውም በዚያ ዓመት ውስጥ አንጀቱን ሲያጠብ ከረመ። መውደድ ብቻውን ሐኪም ቢሆን ኖሮ ወንድሟ ዛሬ ድኖ ነበር።

ሥዕሉ ሲመጣ ሐኪሙ እንዳለው ሆነ። ትርፍ አንጀቱ ደኅና ነው። የትንሹ አንጀት መጨረሻ ወፍሮ፣ መንገዱ በጣም ጠቧል። ለጊዜው በአፉ ምንም አይገባም፤ ቱቦ በአፍንጫው፣ ብግነቱን የሚያበርድ መድኃኒት በደም ሥሩ፣ ሲረጋጋ የካሜራ ምርመራ። መንገዱ ካልተከፈተ ቀዶ ጥገናው ይቀጥላል፣ ያኔ ግን ምን እንደሚቆርጡ ዐውቀው ነው። ሐኪሙ ይህን ከተናገረ በኋላ በዝግታ ጨመረ፦ «ባትናገሪ ኖሮ ያለ ዝግጅት ነበር የምንከፍተው።»

ፎርማኑ ሄልሜቱን በሁለት እጁ ይዞ ወንድሟ ራስጌ ቆመ። ሲናገር ወለሉን ያይ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ሌላ ኦፕሬተር ማውጣት አለብኝ አለ። ያየሁትንም ለኩባንያው አለመናገር አልችልም፤ ከሥርህ አርባ ሰው ነው የሚሠራው። ስትድን ሐኪሙ የሚጽፈውን ይዘህ ና፣ ያኔ እኔም አብሬህ እገባለሁ አለና ወጣ። ቃሉ ተስፋ ይሁን ስንብት አልለየለትም።

ወንድሟ ቱቦው አፍንጫው ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ግድግዳውን ያያል። እትዬ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ስለ ካቢኑ ይወቅሰኛል ብላ ጠብቃለች። ልትመልስለትም የፈለገችው አልጠፋም፤ በሕይወት ያለ ሰው ሥራ አያጣም ልትለው ነበር።

«ይደማሻል?» አለ ሳይዞር።

«ምኑ?»

«እትዬ፣ አትደብቂኝ።»

«ትንሽ።»

«ከመቼ?»

«ሁለት ወር።»

ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ብርድ ነው ብላ አንሶላውን ልትስብለት እጇን ስትዘረጋ እጇን ያዘው።

«ያንቺን ነው ስበላ የከረምኩት» አለ። «ክኒኑ አንድ ቀን እንኳ አላስመለሰኝም ነበር እኮ፣ ከድርሻሽ የተቀነሰ ነው ብዬ ባውቅ ኖሮ መጀመሪያ እሱን ነበር የምተፋው።» ድምፁ ተሰበረ። «ከእንግዲህ ስለኔ አትዋሺ። ስላንቺም።»

እሺ አለችው። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል።

የመተኛ ካርዱን እንድታወጣ ላኳት። ካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ሰልፉ እስከ ደረጃው ደርሷል። ተራዋን ስትጠብቅ ስልኳ ተንቀጠቀጠ፤ አለቃዋ ናት። ኮሌታው ተከምሯል፣ ያንቺን እጅ የሚተካ የለም፣ ሰባት ተኩል ሳይሞላ ከደረስሽ ጠዋት የወጣሽውን አልጽፍብሽም የሚል መልእክት ነበር። ሰዓቷን አየች። ታክሲ ብትይዝ ትደርሳለች። ወንድሟ አሁን በሰው እጅ ነው፤ እሷ ደግሞ ከማንም በላይ እስከ ነገ መቆየትን ታውቅበታለች። ሆዷ ቁርጥ አደረጋት። እንደ ልማዷ ቀበቶዋን ጠበቅ አድርጋ ዋጠችው።

ጸሐፊው የወንድሟን ካርድ ማህተም መትቶ በመስኮቱ ቀዳዳ አሳለፈላት። «ጨርሰሻል። ቀጣይ።»

እትዬ አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላዋ አንድ ሰው ኧረ ቶሎ በሉ እያለ አጉረመረመ።

«ሌላ ካርድ አውጣልኝ» አለች።

«ለማን?»

«ለራሴ።»

ጸሐፊው ባዶ ካርድ ሳበና እስክሪብቶውን አነሣ። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

የቅርቦቹ ሁሉ ይሰማሉ። እናቶች አሉ፣ ጎረምሶች አሉ፣ ከፋብሪካው ሰፈር የምታውቃት አንዲት ሴትም ከሦስት ሰው በኋላ ቆማለች። እትዬ ስልኳን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አንጀቴን» አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ። «ደም አለው።»